«የቤቱን ካርታ ላስይዝላት ወይ?» የጀማሪ አብራሪ ዕዳና ደመወዝ

ባለፈው እሑድ አዘዞ ወርጄ ነበር። የአባቴ የልጅነት ጓደኛ እዚያ ይኖራሉ፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። በረንዳው ላይ ሁለተኛውን ቡና እየጠጣን ሳለ የአዲስ አበባው አውሮፕላን ዝቅ ብሎ መጣ። አዘዞ ላይ አውሮፕላን ሲያርፍ ወሬ ይቆማል። ድምፁ አልፎ እስኪሄድ ሁሉም ሲኒውን ይዞ ይጠብቃል። ድምፁ ሲበርድ ጋሼ ጠጋ አሉኝ።

«ትንሿ ልጅ ፓይለት ካልሆንሁ ብላለች። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳለች፤ ውጤቷም ደኅና ነው። ውጭ አገር የሚያስተምር ትምህርት ቤት አለ አሉ። የቤቱን ካርታ ላስይዝላት ወይ? ፓይለት ደመወዙ ከፍ ያለ ነው ይላሉ። ሁለት ሦስት ዓመት ሠርታ ትመልሰው የለ?»

ያን ዕለት የረባ መልስ አልሰጠኋቸውም። ልጅቷ የጓዳው በር ላይ ቆማ ታዳምጥ ነበር። እሷን እያየሁ «ይቅር» ማለት አቃተኝ። «አስይዙላት» ማለትም ፈራሁ። የፈራሁበት ምክንያት አለኝ፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ሰብሰብ አድርጌ ለጋሼ በሚሆን ቋንቋ መጻፍ ጀመርኩ። ይህንኑ ጥያቄ ይዞ የሚያድር ወላጅ ጎንደር ውስጥ ብዙ ነው። ስለዚህ ለሁሉም ይሁን ብዬ አወጣሁት።

ጋሼ የጠየቁኝ ፓይለት ስንት እንደሚያገኝ ነው። እኔ ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ ባይ ነኝ። ሥልጠናውን የሚከፍለው ማነው? ነገሩ መሃል ላይ ቢሰናከል ዕዳው ማን ላይ ይወድቃል? ይህ ካልታወቀ የደመወዙ ወሬ ምንም አይነግረንም።

በሰዓት የሚገዛ ትምህርት

የአብራሪነት ትምህርት በሴሚስተር አይቆጠርም። የሚቆጠረው በበረራ ሰዓት ነው። ተማሪው አየር ላይ ያሳለፈው ጊዜ ሁሉ ሎግቡክ በሚባል መዝገብ ላይ ይጻፋል። ለአንድ ወጣት አብራሪ ያ መዝገብ የትምህርት ማስረጃውም፣ የሥራ ልምዱም፣ ሀብቱም ነው።

ፈቃዱ እንደ መንጃ ፈቃድ ደረጃ አለው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ባስቀመጠው ዝቅተኛ መለኪያ ለግል አብራሪነት 40 ሰዓት ያስፈልጋል። በዚህ ፈቃድ ቤተሰብንና ጓደኛን ይዞ መብረር ይቻላል። ደመወዝ ተቀብሎ ማብረር ግን አይቻልም። ይህችን ነገር ያዙልኝ። ለእንጀራ የሚያበቃው የንግድ አብራሪ ፈቃድ 200 ሰዓት ይጠይቃል፤ ዕውቅና ባለው ትምህርት ቤት በተከታታይ ለተማረ ሰው 150 ይበቃል። ከፍተኛው፣ ካፒቴን የሚያደርገው ፈቃድ ደግሞ 1500 ሰዓት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ አንድ ሌላ መንገድ ተጨምሯል። በዚህኛው ተማሪው ከመነሻው ለአየር መንገድ ረዳት አብራሪነት ተብሎ ይሠለጥናል። ሲሙሌተር በሚባለው የማስመሰያ መሣሪያ የሚሠለጥንበትን ጨምሮ 240 ሰዓት ነው።

ታዲያ አንዷ ሰዓት ለምን ይህን ያህል ትወደዳለች?

ብዙ ትምህርት ቤት የሚጠቀምባትን ሴስና 172ን እንውሰድ። አራት ወንበር ያላት፣ ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ናት። በሰዓት ከ30 እስከ 35 ሊትር ነዳጅ ትጠጣለች። የምትጠጣው ደግሞ ባጃጁ የሚቀዳውን ቤንዚን አይደለም። እርሳስ ያለበት፣ ለአውሮፕላን ብቻ የሚሠራ፣ ዋጋው የናረ ቤንዚን ነው። ሞተሯ 2000 ሰዓት ገደማ ሲሠራ ተፈትቶ እንደ አዲስ መታደስ አለበት። ስለዚህ ተማሪው በበረረ ቁጥር ለዚያ እድሳት የሚሆን ገንዘብ ከኪሱ እየተቀነሰ ነው ማለት ነው። በየ100 ሰዓቱ ደግሞ መካኒክ ከፍቶ ይፈትሻታል። ከጎን የሚቀመጥ አስተማሪ ይከፈለዋል። ኢንሹራንስ አለ፤ የማረፊያ ክፍያ አለ። ከዚህ ሁሉ አብዛኛው በዶላር የሚገዛ ነው። አንዲት የሞተር ክፍል ከተበላሸች ከውጭ እስክትመጣ ድረስ አውሮፕላኗ ቆማ ትጠብቃለች። ተማሪውም አብሯት ይቆማል። የእሱ ኪራይና ቀለብ ግን አይቆምም።

የአገራችን ከፍታም የራሱ ወጪ አለው። አዘዞ ያለው የጎንደሩ አፄ ቴዎድሮስ አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2000 ሜትር ገደማ ነው። ቦሌ ደግሞ ከ2300 ሜትር በላይ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ መቶኛ ሦስት ያህል ያጣል። 2000 ሜትር ላይ ሲደርስ አንድ አምስተኛው ጉልበቱ ሄዷል። ሊማሊሞን በተጫነ መኪና የወጣ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ክንፉም ቢሆን በሳሳ አየር የሚያነሣው ክብደት ያንሳል። ስለዚህ ትንሽ አውሮፕላን በደጋ ሲያሠለጥኑባት ፀሐይ ሳይከር ጧት ጧት መብረር ይመረጣል። ጭነትም ይቀነሳል። ክረምት ላይ ደመናው ሲወርድ ደግሞ ቀኑ ባዶውን ያልፋል።

ይህ ሁሉ ተደምሮ ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ከምንም ተነሥቶ የንግድ ፈቃድ ላይ ለመድረስ 100,000 ዶላር ገደማ ይጠየቃል። እንግሊዝ አገር አየር መንገድ ለመግባት የሚያበቃው ሙሉ ሥልጠና 100,000 ፓውንድ አካባቢ ነው። ትምህርት ቤቶች በማስታወቂያ የሚናገሩት ዋጋ ብዙ ጊዜ ዝቅተኛውን ሰዓት ታሳቢ ያደረገ ነው። በተግባር ግን የግል ፈቃዱን በ40 ሰዓት የሚጨርስ ተማሪ ጥቂት ነው። እያንዳንዷ ተጨማሪ ሰዓት ደግሞ ለብቻዋ ትከፈላለች።

እዚህ ላይ ያለቀ ይመስላል፤ ግን አላለቀም። የንግድ ፈቃድ የያዘ ወጣት ጎንደር የሚያርፈውን ኪው 400 የተባለ አውሮፕላን ማብረር አይችልም። ለእሱ ለብቻው መሠልጠን አለበት። ይህ ታይፕ ሬቲንግ ይባላል። ለኪው 400 የተሰጠ ለቦይንግ 737 አይሠራም፤ የ737ቱም ለኪው 400 አይሠራም። ሥልጠናው የሚሰጠው ትክክለኛውን የአብራሪ ክፍል በሚመስል፣ ዋጋው በሚሊዮን ዶላር በሚቆጠር ሲሙሌተር ነው። አውሮፓ ውስጥ ለ737 ወይም ለኤርባስ 320 ከ20,000 እስከ 30,000 ዩሮ ይደርሳል። ጥሩ አየር መንገድ ይህን ወጪ ራሱ ይሸፍናል። ሌላው ለጀማሪው ያሸክመዋል። ከዚህም የባሰ አለ። «ሰዓት ትፈልጋለህ አይደል? እኛ ዘንድ ተሳፋሪ ጭነህ ብረር፤ ግን ለእያንዳንዷ ሰዓት አንተ ትከፍለናለህ» የሚሉ አሉ። ሠራተኛው ለአሠሪው ከፍሎ ይሠራል ማለት ነው። ይህ አሠራር ነውር ነው። ከኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪ ቲኬት እንደቆረጠ ሁሉ፣ ከፊት የተቀመጠው ረዳት አብራሪም ወንበሩን ገዝቶ እንደተቀመጠ ቢያውቅ ምን ይል ይሆን?

ደመወዙ መጀመሪያ ላይ ለምን ያንሳል?

የባጃጅ ሹፌር ከሆነ ሰው ጋር ብናወራ ይቀለናል። ፒያሳ ላይ ተራ ይዞ ሁለት ሰዓት የቆመ ሹፌር ለቆመበት የሚከፍለው የለም። ገንዘብ የሚያገኘው ጎማው ሲዞር ነው። በብዙ አገር የአብራሪ ክፍያም እንደዚያ ነው። የሚታሰበው አውሮፕላኑ ከቆመበት ተንቀሳቅሶ መድረሻው ላይ እስኪቆም ያለው ሰዓት ነው። ሌሊት ተነሥቶ አየር ማረፊያ መድረስ፣ የአየር ጠባዩን ማንበብ፣ አውሮፕላኑን ዞሮ መፈተሽ፣ በሁለት በረራ መካከል አራት ሰዓት መጠበቅ፣ ይህ ሁሉ ሥራ ነው፤ ግን በሰዓቱ ክፍያ ውስጥ አይገባም ወይም በጥቂቱ ይገባል። በላዩ ላይ ድካም እንዳይበዛ ተብሎ የበረራ ሰዓት በሕግ ተገድቧል። በብዙ አገር በ28 ቀን ውስጥ ከ100 ሰዓት፣ በዓመት ከ1000 ሰዓት በላይ መብረር አይፈቀድም። ገደቡ ትክክለኛ ነው፤ ሕይወት ያድናል። ያም ሆኖ የሰዓቱ ዋጋ ዝቅተኛ ከሆነ «ልድከምና ልሙላው» ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው ምክንያት ሰልፉ ነው። አየር መንገዶች በሲኒዮሪቲ ይሠራሉ። ደመወዝም፣ የበረራ ፕሮግራምም፣ የዓመት ፈቃድም፣ ካፒቴን የመሆን ተራም በገቡበት ቀን ይወሰናል። ብዙ ቦታ አሥር ዓመት ያበረረ ሰው ወደ ሌላ ኩባንያ ቢሄድ ከሰልፉ ጭራ ይጀምራል። ስለዚህ «ክፍያው አንሷል፤ እለቃለሁ» ማለት ለአብራሪ ከሌላው ሠራተኛ ይልቅ ይከብደዋል።

ሦስተኛው ለእኔ ከሁሉም የሚያመኝ ነው። አየር መንገዱ ጀማሪው ሰዓት እንደሚያስፈልገው ያውቃል። ሥራውን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመኘው እንደኖረም ያውቃል። ደጁ ላይ የቆመው ብዙ ነው። «የአብራሪ እጥረት አለ» ሲባል ትሰማላችሁ። ቦይንግም በየጊዜው በሚያወጣው ትንበያ በመጪዎቹ 20 ዓመታት ዓለም ከ600,000 በላይ አዲስ አብራሪ እንደሚያስፈልጋት ይናገራል። ትምህርት ቤቶችም ይህችን ቁጥር በትልቁ ይለጥፏታል። ግን አየር መንገድ አጥቶ የሚጨነቅበት ሰው ልምድ ያለው ካፒቴን ነው። 200 ሰዓት የያዘ ጀማሪ በየቦታው አለ። እጥረቱ ከላይ ነው፤ ሰልፉ ከታች ነው።

አንድ ሌሊት ያጋለጠው

ነገሩ ምን ያህል እንደከፋ ዓለም በደንብ ያወቀው በአንድ አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2009 ምሽት ላይ አሜሪካ ውስጥ ከኒውዋርክ ወደ በፋሎ የሚበር፣ ኮልጋን ኤር የተባለ አየር መንገድ አውሮፕላን ከማረፊያው አጠገብ መኖሪያ ቤት ላይ ወደቀ። ውስጡ የነበሩት 49 ሰዎችና ቤቱ ውስጥ የነበረ አንድ ሰው፣ በድምሩ 50 ሰዎች ሞቱ። አውሮፕላኑ ኪው 400 ነበር፤ እኛን ከአዲስ አበባ የሚያመላልሰን ዓይነት። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። መርማሪዎቹ ጥፋቱን ያገኙት በአውሮፕላኑ ላይ አይደለም። ፍጥነቱ ወርዶ መሪው ለማስጠንቀቂያ ሲንቀጠቀጥ ካፒቴኑ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ዝቅ በማድረግ ፈንታ መሪውን ወደ ራሱ ሳበው። አውሮፕላኑ አየር ላይ የሚይዘውን ኃይል አጣ።

ምርመራው ሲቀጥል ግን ስለ ረዳት አብራሪዋ ብዙ ነገር ወጣ። የ24 ዓመት ወጣት ነበረች። የምትኖረው ከወላጆቿ ጋር በሲያትል አካባቢ፣ በአገሪቱ ምዕራብ ዳርቻ ነበር። የሥራ ቦታዋ ኒውዋርክ፣ በምሥራቅ ዳርቻ ነው። ከዚያ በረራ በፊት የነበረውን ሌሊት ያሳለፈችው አገሩን ከዳር እስከ ዳር እየተሻገረች፣ በሌላ አውሮፕላን ተጭና ነው። ጉንፋንም ይዟት ነበር። ዓመታዊ ገቢዋ ወደ 16,000 ዶላር ገደማ እንደነበር በምርመራው ይፋዊ ስብሰባ ላይ ተነገረ። ቀደም ሲል ደግሞ ኑሮዋን ለመደጎም ቡና መሸጫ ውስጥ ተቀጥራ ሠርታለች። ከሰባ በላይ ሰው የሚጭን አውሮፕላን የምታበር ልጅ ቡና ትቀዳ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሕጉ ተቀየረ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በአሜሪካ የአየር መንገድ ረዳት አብራሪ ለመሆን ከ250 ሰዓት ይልቅ 1500 ሰዓት ተጠየቀ። በዲግሪ ትምህርት ወይም በውትድርና ለመጡ ቅናሽ አለው። ሐሳቡ መልካም ነው። ግን የዚያች ሌሊት ሁለቱም አብራሪዎች ከ1500 ሰዓት በላይ ነበራቸው። የጎደለው እንቅልፍና ጥሩ ሥልጠና ነበር፤ በላዩም ከሥራ ቦታ አጠገብ ቤት ለመከራየት የሚበቃ ደመወዝ።

ሕጉ ደግሞ ሌላ ችግር አመጣ። 250 ሰዓት ይዞ የተመረቀው ወጣት ቀሪውን 1250 ሰዓት ከየት ያምጣ? ገዝቶ አይዘልቀውም። ስለዚህ ሌሎች ተማሪዎችን ያስተምራል። ወይም በትንሽ አውሮፕላን የማስታወቂያ ጨርቅ ይጎትታል። በእነዚህ ሥራዎች ብዙ ጊዜ ክፍያው በበረሩበት ሰዓት ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ያህል በዝቅተኛ ገቢ መኖር ግዴታ ሆነ ማለት ነው፤ ያውም ዕዳ ተሸክሞ።

እስቲ ዕዳውን እናስላው። አንድ ወጣት 100,000 ዶላር በመቶኛ 10 ዓመታዊ ወለድ ለ10 ዓመት ቢበደር በየወሩ 1320 ዶላር ገደማ ይከፍላል። በመጨረሻ የከፈለው 158,000 ዶላር ያልፋል። አሁን ይህን የወር ክፍያ ከ16,000 ዶላር የዓመት ገቢ ጋር አስተያዩት። 16,000 ለ12 ወር ሲካፈል 1333 ነው። ለምግብ፣ ለኪራይ፣ ለመድኃኒት የሚተርፈው 13 ዶላር ነው ማለት ነው። ይህ የእሷ ሒሳብ አይደለም፤ የዛሬን የሥልጠና ዋጋ ከያኔው ደመወዝ ጋር ያደረግሁት ንጽጽር ነው። ግን አንድ ነገር ያሳያል። ዕዳው ከባድ የሚሆነው ደመወዙ ዝቅተኛ በሆነበት በዚያው ወቅት ነው። ካፒቴን ሲሆን ይቀለዋል፤ ችግሩ እዚያ እስኪደርስ ያለው ነው።

እውነቱን ለመናገር በአሜሪካ ነገሩ በኋላ ተሻሽሏል። ከኮሮና በኋላ አብራሪ ሲጠፋ እ.ኤ.አ. በ2022 የአንድ ትልቅ አየር መንገድ ሦስት ንዑስ ኩባንያዎች የጀማሪ ረዳት አብራሪን ክፍያ በሰዓት ወደ 90 ዶላር አደረሱት። ቀድሞ የዚያን ሲሶ ወይም ግማሽ ነበር። ለዓመታት «አቅም የለንም» ሲባል የኖረው ሰው ሲጠፋ ተገኘ። ኮሮናው ራሱም ያስተማረን አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 አውሮፕላኖች ሲቆሙ በሲኒዮሪቲ ሕግ መጀመሪያ የወጣው መጨረሻ የገባው ነበር። ባንክ ግን ወለዱን አላቆመም።

እኛ ዘንድስ?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ሲመሠረት አብራሪዎቹ አሜሪካውያን ነበሩ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን የሆኑት እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። አገሪቱ የራሷን ልጆች ያፈራችው ሥልጠናውን እንደ አገር ወጪ አድርጋ ስለያዘችው ነው። ይህ ልማድ ዛሬም አለ። አየር መንገዱ ለራሱ የሚፈልጋቸውን ሠልጣኞች በፈተና መርጦ፣ በራሱ ወጪ አሠልጥኖ፣ በውል ያስቀራል። የገበሬ ልጅም፣ የመምህር ልጅም በዚህ በር ገብቶ ካፒቴን ሆኗል። ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በ2003 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ የአየር መንገዱ ሴት ካፒቴን ስትሆን ብዙ ልጅ ሰማይ ቀና ብላ አይታለች። የጋሼ ልጅም የእሷን ፎቶ ከደብተሯ ሽፋን ላይ ለጥፋዋለች።

ነፃ ግን አይደለም። ክፍያው ገንዘብ ሳይሆን ዓመታት ነው። በየትኛውም አገር ይሁን፣ አሠሪ ከፍሎ ሲያሠለጥን ውል ያስፈርማል። «ይህን ያህል ዓመት ታገለግላለህ፤ ቀድመህ ከለቀቅክ የሥልጠናውን ወጪ ትመልሳለህ» ይላል። እኛ ዘንድ ደግሞ ዋስ ጥራ ይባላል። ዋስ የሚሆነው አጎት ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ጎረቤት ነው። ልጁ ነገ የተሻለ ደመወዝ አይቶ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ቢሄድ የሚጠየቀው ያ ሰው ነው። ውል ያለበት ሠራተኛ መልቀቅ ስለማይችል ደሞዝ ለመጠየቅም አቅሙ ያንሳል። ይህን መደበቅ አይገባም።

ቢሆንም እኔ ከሁለቱ ይህኛውን እመርጣለሁ። አሠሪው ራሱ ገንዘቡን ካወጣብሽ እንድትጨርሺ ይፈልጋል። ሰዓት ቢጨምርብሽ፣ አውሮፕላን ቢቆም፣ ዶላር ቢወደድ ኪሳራው የእሱም ነው። ራስሽ ስትከፍዪ ግን ትምህርት ቤቱ ገንዘቡን የሚያገኘው ስለበረርሽ ነው፤ ስላለፍሽ አይደለም።

የዶላሩ ነገር ለእኛ ሰው ትልቁ ወጥመድ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ባንክ አንዱን ዶላር በ57 ብር ገደማ ይመነዝር ነበር። ብር በገበያ ዋጋ ይመራ ከተባለ ወዲህ 130ን አልፏል። 100,000 ዶላር በባንክ ሒሳብ 5.7 ሚሊዮን ብር ነበር፤ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ዶላሩ ያው ነው፤ ትምህርቱም ያው ነው። የሰሊጥ ነጋዴ ሰሊጡን በዶላር ስለሚሸጥ ሊችለው ይችላል። ማራኪ ሰፈር ክፍል አከራይቶ የሚኖር ሰው ግን ገቢው በብር ነው።

አሁን የፈራሁበትን ልንገራችሁ። የአክስቴ ልጅ ነው። እሱም እንደ ጋሼ ልጅ ነበር፤ አውሮፕላን ሲያልፍ እራቱን ትቶ ይወጣል። እናቱ የወረሰችውን ቦታ ሸጣ ውጭ አገር ላከችው። ትምህርት ቤቱ አብዛኛውን ገንዘብ በቅድሚያ ተቀበለ። የተነገራቸው ዋጋ የዝቅተኛው ሰዓት ዋጋ እንደነበር ያወቁት በኋላ ነው። መጀመሪያ አንዷ አውሮፕላን ዕቃ ጠፋላት ተብሎ ለሳምንታት ቆመች። ቀጥሎ አስተማሪው ለቀቀ፤ አየር መንገድ ገባ። አዲሱ አስተማሪ «ይህን ድገም» አለው። የደገመው ሁሉ በሰዓት ተከፈለ። 120 ሰዓት ላይ ሲደርስ ብሩ አለቀ። እኛ ዘመዶቹ እቁብ አስቀድመን፣ ብድር ለምነን የላክነው ለሁለት ወር ኪራይ ብቻ በቃ።

ተመለሰ። የግል አብራሪ ፈቃድ አለው። ያዙልኝ ያልኳችሁን ታስታውሳላችሁ? በእሱ ደመወዝ ተቀብሎ ማብረር አይቻልም። ሰነፍ አልነበረም፤ አስተማሪዎቹ የጻፉለትን አስተያየት አይቻለሁ። አሁን ፒያሳ የሞባይል ዕቃ ይሸጣል። ሎግቡኩ እናቱ ሣጥን ውስጥ ከጋብቻ ወረቀቷ ጋር ተቀምጧል። አንድም ቀን «ምነው ባልሸጥኩ» ስትል አልሰማኋትም። እሱ ግን ከእሷ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት ይከብደዋል።

ስለዚህ ትናንት ተመልሼ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ልጅቷንም ጠርተን ሦስታችን ተቀመጥን። መጀመሪያ ያነሣሁት የጤና ምርመራውን ነው። አብራሪ ደረጃ አንድ የሚባል የሕክምና ማረጋገጫ ያስፈልገዋል፤ በየጊዜውም ይታደሳል። አንድ ብር ከመክፈል በፊት ይህ መታወቅ አለበት። መነጽር ማድረጓ አስጨንቋት ነበር። መነጽር ብቻውን አይከለክልም፤ በመነጽሩ አስተካክላ ማየቷ ነው የሚፈለገው። ቀለም መለየትም ይጠየቃል።

ከዚያ በየተራ ጠየቅን። የአገር ውስጡ ማስታወቂያ ሲወጣ ለመወዳደር ምን ቀራት? ሒሳብና ፊዚክስ፣ እንግሊዝኛም። ውጭ ያለው ትምህርት ቤት የሚለው ዋጋ ስንት ሰዓትን ይሸፍናል? ከዚያ በላይ ለምትበረው አንዷ ሰዓት ስንት ነው? ታይፕ ሬቲንጉ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ? ገንዘቡ በየደረጃው ይከፈላል ወይስ በአንድ ጊዜ? በአንድ ጊዜ አምጡ ካሉ እኔ ብሆን አልከፍልም። በአውሮፓና በአሜሪካ የተማሪ ገንዘብ እንደያዙ የከሰሩ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ተማሪው ገንዘቡንም ሰዓቱንም አጥቷል። ደግሞስ እዚያ የወጣው ፈቃድ እዚህ ሲመጣ ለመለወጥ ምን ይጠየቃል? ይህን መጠየቅ የሚገባው ከሻጩ ሳይሆን ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው።

ጋሼ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩ። ከዚያ «እና ውል ቢመጣስ? ዋስ ብሆን?» አሉኝ።

«ከመፈረምዎ በፊት ጠበቃ ያንብብልዎት» አልኳቸው። «ዓመቱ ስንት ነው? ብትታመምና የሕክምና ማረጋገጫዋን ብታጣስ ዕዳው ይቀራል ወይስ ይከተላታል? ይህች መስመር ካልተጻፈች እንድትጻፍ ይጠይቁ።»

ልጅቷ ይህን ሁሉ በደብተሯ ጻፈችው። ስትጨርስ «አባዬ፣ ካርታውን መልሰው» አለችው። «መጀመሪያ በራሴ ልሞክር።» ጋሼ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ፤ የሣጥኑ ክዳን ሲዘጋ ተሰማን።

ሰኞ ጧት ዓይኗን ለመመርመር ሆስፒታል ቀጠሮ አላት። እኔ ነኝ የምወስዳት።